ሥራ ላይ ሲጎዱ የሕክምና ወጪዎን በአሠሪዎ የማስሸፈን ዝርዝር መመሪያ

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በዚህ ነገር ላይ አያመነታም፤ ሠራተኛ በሥራው ምክንያት ከተጎዳ የሕክምናውን ወጪ የሚሸፍነው አሠሪው ነው። አሠሪው ጥፋት ኖረበትም አልኖረበትም ይሸፍናል፤ በብር የተቀመጠ ጣሪያም የለም። ሕጉ እንዲህ ግልጽ ሆኖ ሳለ የተሰበረ እጁን በራሱ ገንዘብ፣ አንዳንዴም በዘመድ መዋጮ የሚያሳክም ሠራተኛ ሞልቷል። እንደ እኔ እምነት አብዛኛው ሰው የሚረታው በሕግ ሳይሆን በወረቀት ነው። ጉዳቱን ከሥራው፣ ሕክምናውን ደግሞ ከጉዳቱ ጋር የሚያያይዝ ጽሑፍ በጊዜው ካልተያዘ፣ ከሁለት ወር በኋላ ነገሩ «ቤቱ ውስጥ ወድቆ ይሆናል» ወደሚል ክርክር ይወርዳል። ስለዚህ ከዚህ በታች በየደረጃው መያዝ ስላለባቸው ወረቀቶች ብዙ ይነገራል።

አዋጁ እርስዎን ይመለከታል?

በግል ድርጅት፣ በመንግሥት የልማት ድርጅት፣ በእርሻ፣ በግንባታ፣ በሆቴል ወይም በሌላ ቦታ ተቀጥረው ደመወዝ የሚያገኙ ከሆነ በአብዛኛው አዎ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞች፣ የፖሊስና የመከላከያ አባላት፣ ዳኞችና ዐቃብያነ ሕግ በየራሳቸው ሕግ ይተዳደራሉ። የሥራ መሪዎችም፣ ማለትም ቅጥርና ስንብትን የመሰሉ ውሳኔዎችን የማሳለፍ ሥልጣን ያላቸው ኃላፊዎች፣ ከአዋጁ ውጪ ናቸው። የቤት ሠራተኞች እንዲሁ፤ ቀኑን ሙሉ ከእሳትና ከቢላ ጋር የሚውሉ ሰዎች ከዚህ ጥበቃ ውጪ መቅረታቸው ፈጽሞ አይዋጥልኝም፤ ሕጉ ግን እንዲያ ነው።

«የጽሑፍ ውል የለኝም» የሚለው ስጋት ግን መሠረት የለውም። የሥራ ውል በቃልም ይመሠረታል። በጽሑፍ ያልተደረገ ከሆነ አሠሪው በ15 ቀናት ውስጥ የውሉን ፍሬ ነገር የያዘ የተፈረመ ጽሑፍ ለሠራተኛው መስጠት ነበረበት፤ ይህን ባለማድረጉ ሠራተኛው መብቱን አያጣም። የቀን ሠራተኛም ሠራተኛ ነው። ከእርስዎ የሚጠበቀው እዚያ መሥራትዎን ማሳየት ብቻ ነው፤ የደመወዝ መክፈያ ወረቀት፣ የባንክ ሒሳብ መግለጫ፣ መታወቂያ፣ የፈረቃ ዝርዝር፣ አብረው የሚሠሩ ሰዎች ምስክርነት ለዚህ ይበቃሉ።

በኤጀንሲ በኩል የተቀጠሩ የጥበቃና የጽዳት ሠራተኞች፣ እንዲሁም በንዑስ ተቋራጭ ሥር የሚሠሩ የግንባታ ሠራተኞች አንድ ተጨማሪ ጥያቄ መመለስ አለባቸው፤ አሠሪዬ ማን ነው? ጉዳት ሲደርስ ኤጀንሲው ወደ ድርጅቱ፣ ድርጅቱ ወደ ኤጀንሲው ጣቱን ይቀስራል፤ ታማሚው በመሀል ይንገላታል። የቀጠረዎትንና ደመወዝ የሚከፍልዎትን ወገን ስም በትክክል ይያዙ፤ ማመልከቻዎን ለእርሱ ጽፈው ለሌላኛው ግልባጭ ያድርጉ።

የደረሰብዎ ነገር የሥራ ላይ ጉዳት ነው?

አዋጁ ጉዳትን በሁለት ይከፍላል፤ የሥራ ላይ አደጋና በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታ። አደጋ ማለት ሠራተኛው ሥራውን በማከናወን ላይ ሳለ ወይም ከሥራው ጋር በተያያዘ ሁኔታ በድንገት በአካሉ ወይም በአካሉ ተግባር ላይ የሚደርስ ጉዳት ነው። ማሽን ላይ ጣቱ የተቆረጠው ሰው ጉዳይ አያከራክርም። የሚያከራክረው ዳር ዳር ያለው ነው።

አሠሪው ያዘዘውን ሲፈጽሙ የደረሰ ጉዳት ከሥራ ቦታ ውጪም ሆነ ከሥራ ሰዓት ውጪ ቢሆን የሥራ ላይ አደጋ ነው። ገንዘብ ባንክ እንድታስገባ በቅዳሜ ከሰዓት የተላከች ገንዘብ ያዥ መንገድ ላይ ብትጎዳ ጉዳዩ የድርጅቱ ነው። ከሥራ በፊት፣ ከሥራ በኋላ ወይም በዕረፍት ሰዓት ከሥራዎ ጋር በተያያዘ ምክንያት በግቢው ውስጥ ሳሉ የሚደርስብዎም ይካተታል። ወደ ሥራ ሲሄዱና ሲመለሱ ግን ነገሩ ይጠባል፤ ድርጅቱ ለሠራተኞቹ ባቀረበው ሰርቪስ ወይም ለዚሁ ተብሎ በተከራየው መኪና ከሆነ ይሸፈናል፤ በራስዎ ታክሲ ወይም በእግርዎ ከሆነ ግን ይህ ድንጋጌ አይሸፍንዎትም። ሥራ ላይ ሳሉ ሦስተኛ ሰው፣ ለምሳሌ ደንበኛ ወይም የሌላ ድርጅት ሾፌር፣ ጉዳት ቢያደርስብዎም የሥራ ላይ አደጋነቱ አይቀርም።

በሽታ ሲሆን ማስረዳቱ ይከብዳል። ከሥራው ዓይነት ወይም ከሥራው አካባቢ የተነሣ በአካላዊ፣ በኬሚካላዊ ወይም በሕይወታዊ ነገሮች ምክንያት በጊዜ ሂደት የሚመጣ የጤና መታወክ ነው የሚታየው፤ የሲሚንቶ ብናኝ የጎዳው ሳንባ፣ የማሽን ጩኸት ያደነቆረው ጆሮ፣ በአበባ እርሻ ላይ በሚረጭ ኬሚካል የተቃጠለ ቆዳ። በአካባቢው የተዛመተ ወረርሽኝ ወይም ነባር በሽታ መያዝ ግን አይቆጠርም፤ ሥራቸው ያንኑ በሽታ መከላከል የሆነ ሠራተኞች ካልሆኑ በስተቀር። በሽታ የጠረጠረ ሰው በየትኛው ክፍል ከመቼ እስከ መቼ እንደሠራ፣ ምን ዓይነት ኬሚካል ወይም ብናኝ እንደነበረ፣ ምን መከላከያ እንደተሰጠው አስቀድሞ በጽሑፍ ያሰናዳ። ሐኪም ይህን ካልሰማ ሳልን እንደማንኛውም ሳል ነው የሚያክመው።

አሠሪው ከኃላፊነት የሚወጣው ሠራተኛው በራሱ ላይ ሆን ብሎ ጉዳት ሲያደርስ ነው። አሠሪው አስቀድሞ በግልጽ ያወጣውን የደኅንነት መመሪያ መጣስ፣ ወይም አካልንና አእምሮን መቆጣጠር እስኪያቅት ሰክሮ ሥራ መግባት በዚህ ሥር ይታያሉ። «ጓንት አላደረገም» ስለተባለ ብቻ ነገሩ አልቋል ማለት አይደለም። ጓንት ቀርቦለት ነበር? መመሪያው በጽሑፍ ተነግሮት ነበር? የመከላከያ መሣሪያ ማቅረብና አጠቃቀሙን ማሳወቅ የአሠሪው ግዴታ ስለሆነ እነዚህን ጥያቄዎች ማንሳት መብትዎ ነው። ተራ ቸልተኝነትና ሆን ብሎ ራስን መጉዳት አንድ አይደሉም።

በአደጋው ዕለት

ሕይወት ከሁሉ ይቀድማል፤ ወረቀቱ ደም እስኪቆም ይጠብቃል። አሠሪው የመጀመሪያ ዕርዳታ በጊዜው የመስጠት፣ ተጎጂውን ተስማሚ በሆነ መጓጓዣ በአቅራቢያው ወዳለ የሕክምና ተቋም የማድረስና አደጋውን ለሚመለከተው አካል የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ከአሠሪው መኪና ካልተገኘ ያገኙትን ተሳፍረው ይሂዱ፤ የመኪናውን ሒሳብ ግን በደረሰኝ ወይም ቢያንስ በምስክር ይያዙ።

ራስዎ መንቀሳቀስ ካልቻሉ የሥራ ባልደረባ ወይም የሠራተኛ ማኅበሩ ተወካይ የሚከተሉትን ያድርግልዎ። አደጋው የደረሰበትን ቦታ ሳይነካካ በስልክ ፎቶ ያንሳ፤ የላላ ደረጃ፣ መከለያ የሌለው ማሽን፣ የፈሰሰ ዘይት ነገ ጠዋት አይገኝም። በቦታው የነበሩትን ሰዎች ስም ይጻፍ። ከዚያም አደጋው በድርጅቱ የአደጋ መዝገብ ላይ መስፈሩን ያረጋግጥ። አሠሪው አደጋዎችን መዝግቦ የመያዝና ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ የማሳወቅ ግዴታ ስላለበት ይህ ውለታ አይደለም።

ብዙ ጊዜ በዚህ ሰዓት አንድ ኃላፊ ጠጋ ብሎ «ለሐኪሙ ቤት ነው የተጎዳሁት በለው፤ እኛ እናሳክምሃለን» ይላል። ሰውየው ክፉ ላይሆን ይችላል፤ ተቆጣጣሪ እንዳይመጣበት ፈርቶ ይሆናል። እሺ አይበሉ። የመጀመሪያው ካርድ ላይ የሰፈረውን «ቤት ውስጥ» የሚል ቃል በኋላ በምስክር ለማስተባበል መከራ ነው። ቃል የገባልዎ ኃላፊም እስከዚያ ሌላ ቦታ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል።

ሐኪሙ ፊት

የጠቅላላው ጉዳይ መሠረት የሚጣለው እዚህ ነው። ካርድ ክፍል ውስጥ ስምዎ ከመታወቂያዎ ጋር አንድ ዓይነት ሆኖ መጻፉን ይዩ፤ የአያት ስም መለያየት ብቻ በኋላ ደረሰኝን ውድቅ ያስደርጋል። ሐኪሙ «ምን ሆነህ ነው?» ሲል በአጭሩና በትክክሉ ይመልሱ፤ የት፣ መቼ፣ ምን ሲሠሩ፣ በምን እንደተጎዱ። ካርድ ላይ «ከከፍታ ወድቆ ቁርጭምጭሚቱ ተሰብሯል» ተብሎ መጻፉና «በግንባታ ሥራ ላይ ሳለ ከመወጣጫ ወድቆ ቁርጭምጭሚቱ ተሰብሯል» ተብሎ መጻፉ ለሕክምናው ለውጥ የለውም፤ ለክፍያው ግን ሰማይና ምድር ነው። ሐኪሞቻችን ካርድ ላይ የሚጽፉት በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ስለሆነ «በሥራ ላይ የደረሰ መሆኑ ተጽፏል ወይ?» ብለው በትሕትና ይጠይቁ። አብዛኞቹ ሳይከፋቸው ይጽፋሉ።

ሕመም የሚሰማዎትን ቦታ ሁሉ በዚያው ቀን ይናገሩ። የተሰበረው እግር ሥቃይ የወገብን ሕመም ይሸፍነዋል። ወገቡ በሦስተኛው ሳምንት ሲነሣ «ይህ ከአደጋው ጋር አይገናኝም» የሚል ሰው አይጠፋም። መጀመሪያ ያልተሰማዎት ሕመም በኋላ ቢመጣ ደግሞ በተሰማዎት ሰሞን ወደ ሐኪም ተመልሰው ያስመዝግቡ።

ከሕክምና ተቋሙ ሲወጡ በእጅዎ መኖር ያለበት የካርድ ቁጥርዎ፣ የዕረፍት ቀናት የተጻፈበትና ማኅተም ያለበት የሐኪም ማስረጃ፣ የቀጠሮ ወረቀት፣ የመድኃኒት ማዘዣው ቅጂ፣ ወደ ሌላ ተቋም ከተላኩም የሪፈር ወረቀቱ ነው። ማዘዣውን ፋርማሲው ሊያስቀረው ስለሚችል ከመስጠትዎ በፊት ፎቶ ያንሱት።

ለአሠሪው በጽሑፍ ማሳወቅ

አለቃው አደጋውን በዓይኑ አይቶ ቢሆን እንኳ ይጻፉ። ደብዳቤው አጭር ይሁን፤ ምሬትና ስድብ አይግባበት። ይህን የመሰለ ይበቃል፤

«ለድርጅቱ የሰው ሀብት አስተዳደር። ጉዳዩ፦ በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳትን ስለማሳወቅ። እኔ በምርት ክፍል በማሽን ሠራተኛነት ተቀጥሬ የምሠራ ስሆን፣ ኅዳር 12 ቀን ከጠዋቱ 4፡20 ገደማ የመቁረጫ ማሽኑን በማጽዳት ላይ ሳለሁ በቀኝ እጄ ሁለት ጣቶች ላይ ጉዳት ደርሶብኛል። የፈረቃው ኃላፊና ሁለት የሥራ ባልደረቦቼ በቦታው ነበሩ። ጉዳቱ በአደጋ መዝገብ እንዲሰፍርልኝ፣ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሕክምና ወጪዬ እንዲሸፈንና ከሥራ ለቀረሁበት ጊዜ የሚገባኝ ክፍያ እንዲከፈለኝ እጠይቃለሁ። የሐኪም ማስረጃ አያይዣለሁ።»

በሁለት ቅጂ ያዘጋጁት። አንዱን መዝገብ ቤት ሲያስገቡ በሁለተኛው ላይ የገቢ ማኅተም፣ ቀንና ቁጥር ያስደርጉ። መዝገብ ቤት የሌለው ትንሽ ድርጅት ከሆነ የተቀበለው ሰው ስሙን ጽፎ ይፈርምልዎ። አልቀበልም ካለ በፖስታ ቤት በአደራ ደብዳቤ ይላኩና ደረሰኙን ይያዙ። የሠራተኛ ማኅበር ካለ ግልባጭ ይድረሰው። ኦሪጅናል የሕክምና ማስረጃዎችን ግን ለማንም አይስጡ፤ ኦሪጅናሉን አሳይተው ቅጂውን ያስገቡ። አሠሪው ለኢንሹራንስ ኦሪጅናል ይፈለጋል ካለ ዝርዝሩ ተጽፎ በፊርማ ይረከብዎ።

ምን ምን ይሸፈናል?

የአዋጁ አንቀጽ 105 ሦስት ነገሮችን ይዘረዝራል፤ የጠቅላላና የልዩ ሕክምና እንዲሁም የቀዶ ሕክምና ወጪ፣ የሆስፒታልና የመድኃኒት ወጪ፣ ማናቸውም አስፈላጊ ሰው ሠራሽ ወይም ተጨማሪ አካሎችና የአጥንት ጥገና ወጪ። ቃላቱ ሰፊ ናቸው። ምርመራ፣ ራጅ፣ ላቦራቶሪ፣ አልጋ፣ ብረት ማስገባትና ማስወጣት፣ ሐኪም ያዘዘው የፊዚዮቴራፒ ሕክምና ሁሉ በእነዚህ ሥር ሊጠየቁ ይችላሉ። እግሩን ላጣ ሰው ሰው ሠራሽ እግር ሊሠራለት ይገባል፤ «ልግስና አድርገንለታል» ተብሎ በስብሰባ ላይ የሚነገርለት ነገር አይደለም።

የመንግሥት ሆስፒታል ብቻ የሚል ገደብ በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ቢሆንም ክርክር ለማስቀረት ድርጅቱ ውል የገባበት የሕክምና ተቋም ካለ ከእርሱ ይጀምሩ፤ ከአቅሙ በላይ ከሆነ በሪፈር ይውጡ። ሪፈር በእጅ ሳይኖር በራስ ፈቃድ ውድ ወደሆነ የግል ሆስፒታል መሄድ ድርጅቱ «ማን ላከህ?» እንዲል በር ይከፍታል። ድንገተኛ አደጋ ሲሆን ግን ይህ ሥርዓት አይጠበቅም፤ የቀረበው ተቋም ትክክለኛው ነው።

የግል ሆስፒታል ለማስተኛት ማስያዣ ገንዘብ ሲጠይቅ ከኪስዎ ከማውጣትዎ በፊት ድርጅቱ ወጪውን እንደሚሸፍን የሚገልጽ ደብዳቤ እንዲጽፍልዎ ይጠይቁ። ብዙ ሆስፒታሎች ከታወቀ ድርጅት የመጣ ደብዳቤ ይዘው ያክማሉ። የተጻፈው ደብዳቤ ለእርስዎም ይጠቅማል፤ ድርጅቱ ጉዳቱን እንደተቀበለ ያሳያልና።

ለተከታታይ ቀጠሮ የሚወጣ የመጓጓዣ ወጪ፣ የአስታማሚ ምግብና ማደሪያ በአንቀጹ ውስጥ በስም አልተጠቀሱም። እዚህ ላይ የኅብረት ስምምነታችሁን፣ ማለትም የሠራተኛ ማኅበራችሁ ከአሠሪው ጋር የተፈራረመውን ውል፣ ያንብቡ። ብዙ የኅብረት ስምምነቶች ከአዋጁ የተሻለ መብት ይሰጣሉ፤ ሠራተኛው ግን ጉዳት እስኪደርስበት ድረስ ገልጦ አያየውም።

ደረሰኝን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። ከካሽ ሬጅስተር ማሽን የሚወጣው ወረቀት በወራት ውስጥ ይደበዝዛል፤ ፀሐይ ካገኘው ደግሞ ባዶ ነጭ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። በተቀበሉበት ቀን ፎቶ ኮፒ ያድርጉትና ከኦሪጅናሉ ጋር አያይዙት። በእያንዳንዱ ጀርባ ላይ ለምን እንደተከፈለ ይጻፉ። በስምዎ ያልተቆረጠ ደረሰኝ አይቀበሉ።

«ኢንሹራንሱ ከዚህ በላይ አይከፍልም» ሲባል

ብዙ ድርጅቶች ለሠራተኞቻቸው የጉዳት ካሳ መድን ይገባሉ፤ መልካም ልማድ ነው። የመድን ውሉ ግን አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ጉዳት የሚከፈል የሕክምና ወጪ ጣሪያ አለው። ሁለተኛው ቀዶ ሕክምና ላይ ሲደረስ የሰው ሀብት ኃላፊው «ጣሪያው አልቋል» ይላል፤ ሠራተኛውም መብቱ ያለቀ መስሎት ይመለሳል።

መድኑን የገባው ድርጅቱ ነው፤ የራሱን ኃላፊነት ለማቅለል የገዛው ጃንጥላ ነው። ጃንጥላው አነሰ ማለት ዝናቡ ወደ ሠራተኛው ይዞራል ማለት አይደለም። በሕግ ግዴታው የተጣለው በአሠሪው ላይ ስለሆነ መድን ድርጅቱ ከከፈለው በላይ ያለውን አሠሪው ይጨምራል፤ መድን ባይገባም ሙሉውን ይከፍላል። ይህን መልስ በቃል ከሰጡዎ በጽሑፍ እንዲሰጡዎ ይጠይቁ። ብዙ ጊዜ በጽሑፍ አይሰጡትም፤ በዚያው ሰሞን ግን «ጉዳዩን እንየው» ይመጣል።

ጉዳቱ የመኪና አደጋ ከሆነ የሦስተኛ ወገን የተሽከርካሪ መድንም አብሮ ይታያል። የትራፊክ ፖሊስ ማስረጃና የመኪናውን የመድን መረጃ ይያዙ። አሠሪው ግን መጀመሪያ የዚያ መድን ጉዳይ ይለቅ ብሎ ሕክምናዎን ሊያዘገይ አይገባም።

ከሥራ የቀሩበት ጊዜ ደመወዝ

ርዕሱ ሕክምና ቢሆንም ይህን መዝለል አይቻልም፤ ምክንያቱም ገቢው የተቋረጠ ሰው ሕክምናውን ሳይጨርስ ሥራ ይገባል። ለጊዜው ከሥራ ውጪ የሆነ ተጎጂ ከአንድ ዓመት ላልበለጠ ጊዜ በየወቅቱ ክፍያ ያገኛል፤ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ ለቀጣዮቹ ሦስት ወራት ከ75 በመቶ የማያንስ፣ ለቀሩት ስድስት ወራት ከ50 በመቶ የማያንስ። ስሌቱ ከጉዳቱ በፊት በነበረው ዓመታዊ አማካይ ደመወዝ ላይ ይመሠረታል።

የተለመደው ወጥመድ ይህን ጊዜ በሕመም ፈቃድ መመዝገብ ነው። የሕመም ፈቃድ ከሥራ ጋር ላልተያያዘ ሕመም የተሰጠ ሲሆን፣ ለመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ለቀጣዮቹ ሁለት ወራት 50 በመቶ ይከፈላል፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስት ወራት ያለ ክፍያ ናቸው። ልዩነቱን በቁጥር እንየው። ወርኃዊ ደመወዝዎ 8,000 ብር ነው እንበል። በሕመም ፈቃድ ከተያዘ በስድስት ወር የሚያገኙት 16,000 ብር ነው። በሥራ ላይ ጉዳት ከተያዘ ግን በዚያው ስድስት ወር 42,000 ብር ይደርሳል፤ ሕመሙ ዓመት ከቆየ 66,000 ብር። አንድ ቅጽ ላይ የተደረገች የእርማት ምልክት ይህን ሁሉ ታመጣለች። ስለዚህ ፈቃድ ጠያቂ ቅጽ ሲቀርብልዎ «የሕመም ፈቃድ» ከሚለው አጠገብ ከመፈረምዎ በፊት ያንብቡ፤ ከዓመት ፈቃድዎ ላይ እንዲቀነስም አይስማሙ።

በሕክምና ምርመራ ለመቅረብ እምቢ ማለት፣ ምርመራውን ያለ ምክንያት ማጓተት ወይም ሆን ብሎ መዳንን የሚያዘገይ ነገር ማድረግ ክፍያውን ያሳግዳል። ምክንያቱ ሲወገድ ክፍያው ይቀጥላል፤ የታገደበት ጊዜ ግን አይካካስም። ጸበል ወይም ባህላዊ ሕክምና የሚሄዱ ከሆነ እምነትዎ ነው፤ የሐኪም ቀጠሮዎን ግን አያሳልፉ። መቅረት ግድ ከሆነ አስቀድመው ቀኑን ያስቀይሩና የተቀየረበትን ወረቀት ያስቀምጡ።

የሕክምና ቦርድ

ሕክምናው መቼ ያበቃል? አንቀጽ 106 የሚለው በሕክምና ቦርድ፣ ማለትም ጉዳቱን መርምሮ በሚወስን የሐኪሞች ቡድን፣ ውሳኔ መሠረት ነው። ይህ ነጥብ በብዙ መሥሪያ ቤት ይምታታል። አንድ ዓመት ሲሞላ የሚቆመው የየወቅቱ ክፍያ ነው፤ ሕክምናው አይደለም። የሰው ሀብት ኃላፊ ወይም ሒሳብ ሹም «ዓመት ስለሞላህ ሕክምናህ አብቅቷል» የማለት ሥልጣን የለውም።

ቦርዱ ከሚያየው ሌላው የጉዳቱ ደረጃ ነው፤ ጊዜያዊ፣ ዘላቂ ከፊል ወይም ዘላቂ ሙሉ የአካል ጉዳት። ይህም በተቻለ መጠን ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በ12 ወራት ውስጥ ይወሰናል። ሆስፒታሎች ለቦርድ ለማቅረብ ብዙ ጊዜ ከአሠሪው ወይም ከፍርድ ቤት የተጻፈ ደብዳቤ ይጠይቃሉ፤ ስለዚህ ዓመቱ ሳይገባደድ አሠሪው እንዲጽፍልዎ ያመልክቱ። ቦርድ ሲቀርቡ ከመጀመሪያው ካርድ እስከ መጨረሻው ራጅ በቀን ቅደም ተከተል አደራጅተው ይሂዱ፤ ቦርዱ ጊዜው አጭር ነው። ወደፊት የሚያስፈልግ ሕክምና ካለ፣ ለምሳሌ ከአጥንት ውስጥ የሚወጣ ብረት ወይም የሚቀየር ሰው ሠራሽ አካል፣ በውሳኔው ላይ እንዲጠቀስ ይጠይቁ። የቀለለ ሥራ የሚያስፈልግዎ ከሆነም ሐኪሙ ይህንኑ ለይቶ ይጻፍ፤ «ከባድ ነገር እንዳይሸከም» የሚል አንድ መስመር ብዙ ያድናል።

ከቦርዱ ውሳኔ በፊት «ከእንግዲህ ምንም ጥያቄ የለኝም» በሚል ወረቀት ላይ ፈርመው ጠቅላላ ገንዘብ አይቀበሉ። ችግር ሲጠና ያቺ ገንዘብ ትልቅ ትመስላለች፤ የጉዳቱን መጠን ግን በዚያን ሰዓት እርስዎም አሠሪውም አታውቁትም። የዘላቂ ጉዳት ክፍያ በጡረታ ሕግ፣ በመድን ወይም በአሠሪው የሚፈጸምበት መንገድ ራሱን የቻለ ሰፊ ርዕስ ስለሆነ እዚህ አልገባበትም።

አሠሪው ዝም ሲል ወይም እምቢ ሲል

መጀመሪያ ሁለተኛ ደብዳቤ ይጻፉ፤ ያልተከፈሉትን ደረሰኞች በቀንና በብር ዘርዝረው፣ መልስ የሚሰጥበት ቀን ወስነው። ከዚያ በሠራተኛ ማኅበሩ በኩል ይነጋገሩ። ካልሆነ በሚሠሩበት አካባቢ ወዳለው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ሄደው ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ያመልክቱ። ተቆጣጣሪው አደጋው ተመዝግቦ እንደሆነና የደኅንነት ሁኔታው ምን እንደሚመስል ሊያይ ይችላል፤ ካሳ የሚፈርድልዎ ግን ፍርድ ቤት ነው።

በሥራ ላይ ጉዳት የሚነሣ ክርክር የግል የሥራ ክርክር ስለሆነ የሚቀርበው ለመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ነው። የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም። ችሎቱ በ60 ቀናት ውስጥ እንዲወስን አዋጁ ያዛል፤ በተግባር ቀጠሮው ሊረዝም ይችላል። ቅር የተሰኘ ወገን በ30 ቀናት ውስጥ ይግባኝ ይላል። በክሱ ላይ የወጣውን የሕክምና ወጪ ብቻ ሳይሆን የሚቀጥለው ሕክምናም በአሠሪው ወጪ እንዲፈጸም፣ ያልተከፈለው የየወቅቱ ክፍያ እንዲከፈልና ካስፈለገም ቦርድ እንዲቀርቡ ትእዛዝ እንዲሰጥ አብረው ይጠይቁ። አሠሪው ጥፋት እንዳለበት ማስረጃ ካለዎት ደግሞ በሌላ ሕግ መሠረት ተጨማሪ ካሳ የመጠየቅ መብትዎ አይዘጋም፤ ይህን ግን ከጠበቃ ጋር ይማከሩበት።

በይርጋ አይቀደሙ። በአዋጁ የተለየ ጊዜ ካልተቀመጠ በቀር ከሥራ ግንኙነት የሚነሣ ጥያቄ በአንድ ዓመት ይታገዳል፤ የደመወዝና የሌሎች ክፍያዎች ጥያቄ ግን በስድስት ወር። የሕክምናው ወጪ ከየትኛው እንደሚቆጠር ከአሠሪው ጠበቃ ጋር ከመከራከር አጭሩን መያዝ ይሻላል፤ ስድስት ወር ሳይሞላ ክስዎ መዝገብ ቤት ይግባ። «እናይልሃለን፤ ሥራ አስኪያጁ ከመስክ ይመለስ» የሚለው ቃል ቀን መቁጠሩን አያስቆምም።

ቦርዱ ከወሰነ በኋላም ሁኔታው ቢባባስ፣ ቢሻሻል ወይም በስሕተት ተመርምሮ ከነበረ ውሳኔው በድጋሚ እንዲታይ እርስዎም ሆኑ አሠሪው ማመልከት ትችላላችሁ። ለዚህ ሲባል ፋይሉ ክፍያው እንዳለቀ አይጣል፤ ካርዶቹ፣ ራጆቹና የገቢ ማኅተም ያለባቸው ደብዳቤዎች በአንድ ላይ ይቀመጡ፤ የራጅ ፊልም ስለማይታጠፍ ጠፍጣፋ ቦታ ይፈልጉለት።